ሲገዙ የሚያም፣ ሲጭኑ የማያም ጀርባ

አህያ ሊገዛ ገበያ የወጣ ገበሬ የሚያደርገውን ልብ ብላችሁ እዩ። መጀመሪያ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያያል፤ ዕድሜዋን የሚያውቀው በዚያ ነው። ሰኮናዋን አንስቶ ይመለከታል። ከዚያ መዳፉን ማጅራቷ ላይ ያሳርፍና ቀስ እያለ በአከርካሪዋ ላይ ወደ ኋላ ይስበዋል። አንድ ቦታ ሲደርስ ቆዳዋ እርግብግብ ካለ፣ ወገቧን ዝቅ ካደረገች፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ካስተኛች እጁ እዚያው ይቆማል። ደገም አድርጎ ጫን ይላል። አሁንም ወገቧን ከሰበረች ነገሩ አለቀ፤ «ይቺ ገጣባ ነበረባት፤ ጠጉር ሸፈነው እንጂ አልዳነም» ይላል። ሻጩ በማርያም ይምላል። ገዢው መሐላውን ትቶ መዳፉን ያምናል፤ ዋጋውም ይወርዳል።

ደብረ ብርሃንም ሂዱ መሐል ሜዳ ይኸው ነው።

ፈላስፎች «ሌላው ፍጡር የሚሰማውን በምን እናውቃለን?» እያሉ ብዙ ወረቀት ጨርሰዋል። ገበሬው ግን ከሚታይ ምልክት ተነስቶ የማይታይ ሕመም ላይ ደርሷል፤ አልፎ ተርፎም ገንዘቡን አስይዞበታል። ሰው ገንዘቡን ያስያዘበትን ነገር ደግሞ ከልቡ አላመነውም ማለት አይቻልም።

ያንኑ ሰው ሰንበት ብላችሁ መንገድ ላይ አግኙት። አህያዋ ገብስ ተጭናለች። ኩርታኑ ሳስቶ ከምንም አይቆጠርም፤ መጫኛው ጎኗ ውስጥ ገብቷል፤ ያቺው የድሮ ቁስል ተከፍታ ዝንብ ወሯታል። «ኧረ ይቺ እንስሳ አመማት» ብትሉት፣ «አህያ ደግሞ ምን ይሰማዋል!» ይላችኋል።

ሰውየው ጨካኝ ነው እያልኩ አይደለም። በሬው ሲታመምበት ሌሊት ኩራዝ ይዞ ጋጣ የሚወርድ፣ ላሟ ስታምጥ እንደ አዋላጅ የሚንበረከክ ሰው ነው። እኔን የሚከነክነኝ ከጭካኔ በፊት ያለው ነገር ነው። አንድን ነገር ለማመን ይህን ያህል ማስረጃ ይበቃል የምንልበት ልክ እንደ ጥቅማችን ይሰፋል፣ ይጠባል። ገበያ ላይ የአህያዋን ሕመም ለማመን አንዲት የቆዳ እርግብግቢት በቃች። መንገድ ላይ ግን የተከፈተ ቁስልም አልበቃ አለ።

መንዝ ካለው አጎቴ ጋር በዚህ ነገር ብዙ ተጨቃጭቀናል። አጎቴ በግ ያረባል፤ የመንዝ በግ፣ ትንሽ፣ ባለ ላት፣ ጠጉሩ ድፍን ያለ፣ ብርድ የማይበግረው። ጠቦቱን ሙክት ለማድረግ ማኮላሸት አለ። አሠራሩን ላላየ ሰው ልንገረው፦ ጠቦቱ ተጥሎ እግሮቹ ይያዛሉ፣ የፍሬው ሥር እንጨት ላይ ይደገፍና በድንጋይ ይቀጠቀጣል። ቆዳው አይቀደድም፤ ደምም አይፈስም። ጠቦቱ ሲለቁት ወዲያው አይሮጥም። የኋላ እግሮቹን ከፈት አድርጎ ይቆማል፣ ይተኛል፣ መልሶ ይነሳል፣ የቀረበለትን ሣር አሽትቶ ይተወዋል። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

«ጋሼ፣ በጣም ሳያመው ይቀራል?» አልኳቸው።

«አይሰማውም። በግ እኮ ነው።»

«ታዲያ ለምን ሦስት ሆናችሁ ያዛችሁት?»

ሳቁ። «እሱማ ለጊዜው ያመዋል። ቶሎ ይረሳዋል ማለቴ ነው።»

«እንደሚረሳው በምን ያውቃሉ?»

«በል እንግዲህ፣ አንተ ልጅ! ሳይኮላሽ ሙክት ከየት ይመጣል? ለፋሲካ ምን ይሸጣል? የልጆቹን ደብተር ማን ይገዛል? ግድ ነው!»

እንግዲህ ቡና ተፈልቶ ሳያልቅ ሦስት መልስ ሰማሁ። «አይሰማውም»፣ «ይረሳዋል»፣ «ግድ ነው»። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለ በጉ የተነገሩ ናቸው፤ እውነት ወይም ሐሰት መሆናቸው ይመረመራል። ሦስተኛው ስለ አጎቴ ኑሮ ነው። እኔ ደግሞ ሦስተኛውን አከብረዋለሁ። «ግድ ነው» ካልን መነጋገር ይቻላል፦ ምን ያህል ግድ ነው? በሌላ መንገድ አይሆንም? ጠቦቱ ገና ትንሽ ሳለ ቢሆንስ? የከብት ሐኪሙ ቡርዲዞ፣ ያንን ቆዳ ሳይቀድ የፍሬውን ሥር የሚጨፈልቅ መቆንጠጫ፣ ይዞ ቢመጣስ? «አይሰማውም» ካልን ግን ጥያቄው ሳይወለድ ሞተ። እንዲያውም የሁለቱ መልሶች ሥራ ይህ ይመስለኛል፦ ሦስተኛው መልስ ላይ ሳንደርስ መንገዱን መዝጋት።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ ዊልያም ክሊፎርድ እ.ኤ.አ. በ1877 (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ስለ አንድ የመርከብ ባለቤት አስቦ ጽፎ ነበር። መርከቡ አርጅቷል፤ ባለቤቱም ጥርጣሬ ገብቶታል። ማስመርመርና ማሳደስ ግን ወጪ አለው። ስለዚህ ራሱን ያባብላል፦ ስንት ማዕበል ያለፈ መርከብ ነው፣ እነዚህን ሁሉ ተሳፋሪዎች ፈጣሪ አይጥላቸውም። ቀስ በቀስ ጥርጣሬው ለቀቀው፤ ከልቡ አመነ። መርከቡ ባሕር መሐል ሰጠመ፤ እሱም የመድን ገንዘቡን ተቀበለ። ክሊፎርድ ሰውየው በደለኛ ነው ይላል። መርከቡ በሰላም ቢደርስም ኖሮ በደለኛነቱ አይቀርም ነበር፣ ምክንያቱም በእጁ በነበረው ማስረጃ ያንን የማመን መብት አልነበረውም። ከልቡ ማመኑ አያድነውም፤ እምነቱን ያገኘው መርምሮ ሳይሆን ጥርጣሬውን አፍኖ ነውና።

በርግጥ ክሊፎርድ ደረቅ ሰው ነበር። ያለ በቂ ማስረጃ ማንም፣ የትም፣ መቼም ምንም ማመን የለበትም እስከ ማለት ሄዷል። እንዲህ ከሆነ ትዳርም ዕቁብም አይኖርም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊልያም ጄምስ በ1896 ሲመልስለት፣ ማስረጃ ሊቆርጠው የማይችል ነገር ሲገጥመንና ምርጫው የግድ ሲሆን ልባችን ያዘነበለበትን የማመን መብት አለን ብሏል። እኔ በዚህ ከጄምስ ጋር ነኝ። የአህያዋ ጀርባ ግን ማስረጃ የማይቆርጠው ምስጢር አይደለም፤ በመዳፍ የሚቆረጥ ነገር ነው። ደግሞስ በራሴ ላይ ቁማር ስጫወትና በሌላው ጀርባ ላይ ስጫወት እንዴት አንድ ይሆናል?

«ይህ የገበሬ አላዋቂነት ነው፤ ትምህርት ሲስፋፋ ይጠፋል» የሚለኝ አይጠፋም። አይመስለኝም። እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ በአሜሪካና በእንግሊዝ ትላልቅ ሆስፒታሎች አራስ ሕፃናት በቂ ማደንዘዣ ሳያገኙ ቀዶ ጥገና ይደረግላቸው ነበር። የአራስ ነርቭ ገና አልበሰለም፣ ሕመም አይሰማውም፣ ቢሰማውም አያስታውሰውም ይባል ነበር። የአጎቴን ሁለት መልሶች አስታወሳችሁ? አንድ በአንድ እነዚያው ናቸው፤ የተናገሯቸው ግን ነጭ ጋዋን የለበሱ ሐኪሞች ናቸው። ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት ስለሚሰጠው ሕፃኑ አይወራጭም፤ የሕመም ምልክቱ እንዳይታይ ከተደረገ በኋላ ምልክት የለም ተባለ። በ1987 የወጣ የኦክስፎርድ ጥናት፣ በቀዶ ጥገናው ጊዜ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የተጨመረላቸው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ሰውነታቸው ያሳየው ጭንቀት ዝቅ ያለ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የገጠማቸውም ችግር ያነሰ መሆኑን አሳየ። አሠራሩ መለወጥ የጀመረው በእነዚያ ዓመታት ነው። እናቶች ግን ልጃቸው እንደሚያመው ለማወቅ 1987ን አልጠበቁም።

«ይረሳዋል» ወደሚለው ልመለስ። እኛ ሰዎች ስለ ራሳችን ስንናገር «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። በጉ ላይ ስንደርስ ተረቱ ይገለበጣል፤ የተወጋው ረሳ ይባላል፣ የሚለው ደግሞ የወጋው ነው። በእንግሊዝ አገር የባብራሃም ተቋም ተመራማሪዎች በ2001 ባወጡት ጥናት፣ በጎች የሃምሳ በጎችን ፊት ለይተው ከሁለት ዓመት በላይ ሊያስታውሱ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ፊት ማስታወስ ሕመም ማስታወስ ነው አልልም፤ ከዚህ ወደዚያ ዘልሎ መድረስ ራሱ የምከሰው ዓይነት ችኮላ ይሆናል። ግን «በግ ምን ያስታውሳል» የሚለው ጥቅል አነጋገር ከዚህ ጋር አብሮ አይቆምም። ደግሞ በ2016 ካምብሪጅ ውስጥ የበግን ሕመም ከፊቱ ለማንበብ መለኪያ ተሠራ፦ የዓይኗ መጥበብ፣ የጆሮዋ አቀማመጥ፣ የጉንጯና የአፍንጫዋ መወጠር። ይህን ለአጎቴ ሳነብላቸው ምንም አልገረማቸውም። «ያመማት በግ ጆሮዋን ትጥላለች፤ እረኛ ሁሉ ያውቃል» አሉኝ። እሳቸው በፊት «አይሰማውም» ያሉኝ ሰው ናቸው!

ነገሩ ሕመም ላይ ብቻ አይቆምም። መንዝ ውስጥ ባለው የጓሳ ሣር ምድር ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ የቀሩት የጎለመሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው ተብሎ ይገመታል፤ ጥቂቱ እኛ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ተራራ ላይ ነው። ግልገል ጠፋ ሲባል የመጀመሪያው ተከሳሽ እሱ ነው። ማስረጃው ምንድን ነው? «መንጋው አጠገብ ሲዞር ታይቷል።» አልፎ አልፎ ግልገል አይነካም ብዬ አልምልም፤ ዋናው ምግቡ ግን አይጥ ነው። እዚያው ጓሳ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች በ2015 ያወጡትን አንብቤ ብቻዬን ስቄያለሁ። ቀበሮው ጭላዳ መንጋ መሐል ገብቶ፣ ጨቅላ ጭላዳዎች አጠገቡ እየተጫወቱ፣ እነሱን ሳይነካ አይጥ ያድናል። ብቻውን ሲያድን ከመቶ ሃያ አምስት ጊዜ ያህል ይቀናዋል፤ ጭላዳ መሐል ሲሆን ስልሳ ሰባት። ጭላዳዎቹም ይህን አውቀው ይመስላል አይሸሹትም። ስለዚህ «አጠገቡ ታይቷል» እና «ሊበላው መጣ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፍርድ ቤት ብንሆን ዳኛው ይህን ማስረጃ አይቀበለውም ነበር። ቀበሮውን በርግጥ ሲጨርሰው የታየው ከሰው ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ባሌ ላይ በ1991ም በ2003ም ታይቷል። ውሻችንን ግን ማን ከሰሰው?

አገሬው ማስረጃ መመርመር አያውቅበትም እንዳይባል፣ ይኸው ጓሳ ራሱ ምስክር ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንዝ ሰው ይህን ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የሣር ምድር ቀሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቆ አቆይቶታል። አባ ቀራ የሚባል የጠባቂዎች አለቃ ይሾማል፤ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ ደረሰ የሚባለው ታይቶ፣ ተመክሮ ነው። ማንም ተነስቶ «ደርሷል» ስላለ ማጭድ አይገባም። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ቢናጋም በኋላ በሌላ መልክ አንሰራርቷል። ለምን እንዲህ ይጠነቀቃሉ? የተሳሳተ ግምት ዋጋ ስላለው፣ ዋጋውን የሚከፍሉትም ራሳቸው ስለሆኑ ነው፤ ሣሩ ካለቀ ጣራው ያፈሳል። የጠቦቱ ሕመም ላይ የተሳሳትን እንደሆነ ግን የማንም ጣራ አያፈስም።

እዚህ ላይ እኛ ከተሜዎቹም ደረታችንን አንንፋ። በ2017 እ.ኤ.አ. ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ሲከፈት አገር ተንጫጫ፤ ወዲያውም ተዘጋ። እኔም ከተንጫጩት አንዱ ነበርኩ፤ አሁንም ቄራው መዘጋቱን እደግፋለሁ። የአፍሪካ ኅብረትም በ2024 አዲስ አበባ ላይ አህያን ለቆዳዋ ማረድ እንዲቆም ወስኗል። ግን የዚያን ጊዜ ጩኸታችንን መለስ ብዬ ሳስበው ስለ አህያዋ ሕመም የተናገረ ሰው ብዙም ትዝ አይለኝም። ነውር ነው፣ ርኩስ ነው፣ አገር ተዋረደ ነበር የሚባለው። በማግስቱ እዚያው መንገድ ላይ ገጣባዋ የተከፈተ አህያ ሲሚንቶ ጭና ታልፋለች፤ የሚንጫጫ የለም። ዶሮዎችን እግር ለእግር አስሮ ቁልቁል አንጠልጥሎ ታክሲ የሚሳፈረውስ?

ሃይማኖትን የሚጠቅሱልኝ አሉ፤ «ፈጣሪ ለሰው አስገዝቶናል» ይላሉ። አስገዝቶናል። መግዛት ግን ሥልጣን ነው፤ የሚገዛው ፍጡር አይሰማውም የሚል ቃል እዚያ ውስጥ የለም። ምሳሌ 12፥10 ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል ይላል፤ ለማይሰማው ነገር ደግሞ መራራት ብሎ ነገር የለም። ከሁሉ በላይ የምወደው ግን በዘኍልቍ 22 ያለው የበለዓም አህያ ታሪክ ነው። መልአኩ ሰይፍ መዝዞ መንገድ ላይ ቆሟል፤ ነቢዩ አላየውም፣ አህያይቱ አየችው። ሦስት ጊዜ ገለል አለች፣ ሦስት ጊዜ መታት። አፏ ሲከፈት ታለቅሳለች፣ ማረኝ ትላለች ብለን እንጠብቃለን። እሷ ግን ወደ ክርክር ገባች፦ ዕድሜህን ሁሉ የተቀመጥክብኝ አህያህ አይደለሁም? እንዲህ ማድረግ ልማዴ ነበር? በለዓም «አይደለም» ከማለት ሌላ መልስ አጣ። ማስረጃው ዓመታት ሙሉ በእጁ ነበር፤ አላገላበጠውም እንጂ።

«ታዲያ የት ላይ ልታቆም ነው? ንቧስ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። በ2022 ለንደን ላይ የተደረገ ሙከራ፣ ባምብልቢ የሚባሉ ንቦች ምንም ሽልማት ሳያገኙ ትናንሽ ኳሶችን እየደጋገሙ ሲያንከባልሉ አሳይቷል፤ ተመራማሪዎቹ ጨዋታ ሊሆን ይችላል ብለዋል። ከዚህ ተነስቼ ቀፎ ሲቆረጥ ንቧ እንደ አህያዋ ታምማለች አልልም፤ ማስረጃው ያን ያህል አይሸከምም። ሌሊት በእሳት አቃጥሎ ማር ከመቁረጥ በጭስ ገለል አድርጎ መቁረጥ ግን ማሩን አይቀንሰውም፤ እንዲያውም መንጋው ለከርሞ ይተርፋል። ብሳሳት የማጣው ጥቂት ጭስ ነው። ገብስ ሲታጨድስ ያመዋል ወይ ለሚለኝ ቀልደኛ ደግሞ መልስ የለኝም፤ ነርቭም ሽሽትም የሌለው ነገር ላይ የምጨነቅበት ምክንያት አላየሁም።

አጎቴ ጋር ያለው ነገር እስካሁን አላለቀም። ባለፈው ስንገናኝ «አይሰማውም» ማለቱን ትተውታል፤ የእኔ ክርክር ይሁን መሰልቸት አላወቅኩም። አሁን የምንነጋገረው ስለ «ግድ» ነው። ከብት ሐኪሙን አብረን አነጋገርን። ቡርዲዞውም ቢሆን ያማል፣ ግን በድንጋይ እንደመቀጥቀጥ አይሆንም፣ በጊዜው በትንሽነቱ ቢመጣ ደግሞ ይሻላል አለ። ማደንዘዣ ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ፤ ያለችው ለከባድ ቀዶ ጥገና ብቻ ናት፣ ለጠቦት ሁሉ አትዳረስም። አጎቴ ጠቦቶቹን ገና ሳይጠነክሩ በገበያ ቀን ይዘው ለመምጣት ተስማሙ፤ ለዚያ ብለው ግን ከሥራ ቀናቸው አንዱን አያጎድሉም። የማደንዘዣውን ነገር ሲሰሙ፣ «መድኃኒቱ ከደብረ ብርሃን ቢገኝ እንኳ ሂሳቡ የማን ነው?» አሉኝ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ልክፈል አልኩ። እሳቸው «ከዚያ በኋላስ?» አሉ። በዚህ ላይ አልተስማማንም።